ሁሉም «ጌታ ተናገረኝ» ሲሉ እኔ ምንም አልሰማሁም

ደብዳቤው፣ በጥቂቱ አሳጥረነው፣ እንዲህ ይላል፦

«የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው ሀዋሳ ነው። ዕድሜዬ 31 ሲሆን በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ጌታን የተቀበልሁት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በተማሪዎች ኅብረት ውስጥ ነው፤ እናቴ ግን የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ ናት። በኅብረታችን ያሉ ሁሉ እግዚአብሔር ስለ ትንሹም ስለ ትልቁም ነገር እንደሚናገራቸው ይመሰክራሉ። እኔ ስጸልይ የምሰማው የራሴን ሐሳብ ብቻ ነው። በቅርቡ አዲስ አበባ ካለ ድርጅት የተሻለ ደመወዝ ያለው ሥራ አገኘሁ። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ስለ ሆነች ገንዘቡ ያስፈልገናል፤ ብቻዋን ትቻት መሄድ ግን ያስፈራኛል። ስለዚህ ነገር በኅብረት ስንጸልይ፣ የማገለግልበትን ክፍል የሚመራው ወንድም ‹ጌታ ከዚህ ከተማ አትውጪ ይልሻል፤ ብትወጪ ባዶ እጅሽን ትመለሻለሽ› አለኝ። መጽሐፍ ቅዱስ ስገልጥ አንድ ቀን እስራኤል በኮሬብ ተራራ የተቀመጡት እንደሚበቃቸው የሚናገረው የዘዳግም ክፍል ወጣልኝ፤ በማግሥቱ ደግሞ በዚህች ምድር ብትቀመጡ እሠራችኋለሁ የሚለው የኤርምያስ ቃል ወጣልኝ። ለድርጅቱ መልስ ለመስጠት ሁለት ሳምንት ቀርቶኛል። የእርሱ በግ ብሆን ኖሮ ድምፁን አልሰማም ነበርን? የራሴን ፍላጎትስ ከእርሱ ድምፅ እንዴት ልለየው? ሄጄ ነገሩ ቢበላሽስ?»

እኅቴ፣

መልስ የሚሰጡበት ቀን ስለ ቀረበ በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። ከሁሉ አስቀድሞ ልመልስልዎ የምፈልገው ግን ስለ ሥራው የጠየቁትን ሳይሆን፣ የእርሱ በግ መሆንዎን የተጠራጠሩበትን ጥያቄ ነው፤ ይህ ፍርሃት በልብ ላይ ተቀምጦ ሳለ ሰው ስለ ሌላው ጉዳይ በእርጋታ ሊያስብ አይችልምና።

ጌታችን «በጎቼ ድምፄን ይሰማሉ» ያለው በክረምት፣ በመቅደስ መታደስ በዓል፣ በሰሎሞን ደጅ መመላለሻ ሲመላለስ ከብበውት «ክርስቶስ እንደ ሆንህ ገልጠህ ንገረን» ላሉት ሰዎች ነው። እነዚያ ሰዎች ድምፁን በጆሮአቸው እየሰሙ ነበር፤ ከፊታቸው ቆሞ ያነጋግራቸው ነበርና። የጎደላቸው መከተል ነበር፤ ቃሉም «ይከተሉኝማል» ብሎ የሚቀጥለው ለዚህ ነው። በአንጻሩ እርስዎ የታመሙ እናትዎን ይጦራሉ፣ ይጸልያሉ፣ ያገለግላሉ፣ ፈቃዱን ላለመተላለፍም ይጨነቃሉ። እንዲህ ያለው ሰው ድምፁን ያልሰማ ነው ብዬ አላምንም። ከዚያ ይልቅ፣ ሲሰሙት የኖሩትን ድምፅ የሌላ ነገር ድምፅ እየጠበቁ ሳያስተውሉት የቀሩ ይመስለኛል።

ነገሩን ግልጽ የሚያደርግልኝ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለው ታሪክ ነው። ሁላችንም ስለ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ስንሰማ አድገናል፤ በሙያም የእርስዎ ቢጤ ነው፣ የንግሥት ህንደኬ ገንዘብ ሁሉ በእጁ ነበርና። በጋዛ መንገድ ላይ ከተገናኙት ከሁለቱ ሰዎች አንዱ ፊልጶስ ነው፤ እርሱን መልአክ ተናገረው፣ ቀጥሎም መንፈስ ወደ ሠረገላው ቅረብ አለው። ሁለተኛው ሰው ግን ከሰማይ የሰማው አንድም ነገር አልተጻፈም። ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ኢሳይያስን ያነብ ነበር፤ ያልገባውንም ነገር የሚመራው ሰው ሳይኖር እንዴት ሊያስተውለው እንደሚችል ጠየቀ፣ ተብራራለት፣ ውኃ ሲያይ የሚከለክለው ነገር እንዳለ ጠየቀ፣ ተጠመቀ፣ ደስ ብሎትም መንገዱን ሄደ። ፊልጶስ በድምፅ ተመራ፤ ጃንደረባው በንባብና በጥያቄ ተመራ። ሁለቱንም የመራቸው አንድ አምላክ ሲሆን፣ ጃንደረባውን መንፈሳዊ ጆሮ የሌለው ሰው ነው ያለ ሰባኪ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። በኅብረትዎ ያሉት ሰዎች ፊልጶስን ይመስሉ እንደ ሆነ ለእነርሱ ልተወውና፣ እርስዎ ጃንደረባውን መምሰልዎ የሚያሳፍር እንዳልሆነ ግን በእርግጠኝነት ልነግርዎ እችላለሁ።

የሳሙኤልን ታሪክም እንደገና ቢያነቡት ይጠቅምዎታል፤ የምናስታውሰው «ተናገር፥ ባሪያህ ይሰማልና» የሚለውን ብቻ ነውና ከዚያ በፊት ያለውን እንዘለዋለን። ልጁ በመቅደስ ውስጥ ያገለግል ነበር፣ የሚተኛውም የእግዚአብሔር ታቦት ባለበት ነበር፤ ሆኖም ሲጠራ ድምፁን የካህኑ የዔሊ ድምፅ አድርጎ ሦስት ጊዜ ወደ እርሱ ሮጠ። መጽሐፉ ስለዚህ ስሕተት አይነቅፈውም፤ ሳሙኤል ገና እግዚአብሔርን አላወቀም ነበር በማለት ምክንያቱን ይነግረናል እንጂ። ድምፁን ለመለየት ትውውቅ ያስፈልገው ነበር፤ ትውውቅ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። ያሳደገችን እናት ስትደውል «ማን ልበል?» ብለን አንጠይቅም፤ ይህም ጆሮአችን ከሌላው ሰው ጆሮ ስለሚበልጥ ሳይሆን ድምፅዋን ለዓመታት ስለ ለመድነው ነው። እግዚአብሔርም በነቢያትና በልጁ ብዙ ተናግሮናል፤ የተናገረውንም ከዳር እስከ ዳር እያነበበ የኖረ ሰው፣ አንድ ሐሳብ ወደ ልቡ ሲመጣ ወይም ሌላ ሰው «ጌታ እንዲህ አለ» ሲለው፣ የሚያውቀውን አምላክ አነጋገር ይመስል ወይም አይመስል እንደ ሆነ ለመለየት ይችላል። የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊ ጠንካራ ምግብ በሥራቸው የለመደ ልቡና ላላቸው ነው ሲል የሚናገረው ስለዚህ ልምምድ ነው።

ከሳሙኤል ታሪክ ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ሌሊት የመጣው ቃል ልጁ ሊሰማው የሚወደው ቃል አልነበረም፤ በአሳዳጊው ቤት ላይ የተነገረ ፍርድ ነበርና ለመናገር ፈራ። ቃሉን ለመስማት ያበቃው ዔሊም ዓይኑ የፈዘዘ፣ ቤቱ የተበላሸ ሰው ነበር፤ ነገር ግን በእርሱ ላይ የተነገረውን ሰምቶ «እግዚአብሔር ነው» በማለት ተቀበለው። እኛ ዘንድ «ጌታ ተናገረኝ» የሚባለው ሁሉ የተናጋሪውን ወይም የሰሚውን ምኞት የሚያጸድቅ ሆኖ ሲገኝ ሁልጊዜ ያሳስበኛል።

ይህም ወደ ወንድማችን ቃል ያመጣኛል፤ በእኔ ግምት የደብዳቤዎ ዋና ሸክም እዚህ ላይ ነውና ቆየት ብዬ ልናገርበት።

ትንቢት የለም የሚል ምላሽ ከእኔ አይጠብቁ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ መንፈስን እንዳያጠፉ፣ ትንቢትንም እንዳይንቁ ካዘዘ በኋላ ወዲያው ሁሉን እንዲፈትኑ መልካሙንም እንዲይዙ ያዛል። ሁለቱ ትእዛዛት ጎን ለጎን የተቀመጡ ናቸው፤ በብዙ ኅብረቶቻችን ግን የመጀመሪያው ሲሰበክ ሁለተኛው እንደ አለማመን ይቆጠራል። ለቆሮንቶስ ሰዎችም ሁለት ወይም ሦስት ነቢያት እንዲናገሩ፣ ሌሎችም እንዲለዩ ጽፎላቸዋል። መለየት የጉባኤው ሥራ ከሆነ፣ እርስዎ የተነገረዎትን ቃል መመርመርዎ በተናጋሪው ላይ ማመፅ ሳይሆን የታዘዙትን መፈጸም ነው።

እንዴት እንደሚመረመር ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 21 የተሻለ ትምህርት አላውቅም። ጳውሎስ ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄድ በጢሮስ ያገኛቸው ደቀ መዛሙርት በመንፈስ ሆነው ወደ ኢየሩሳሌም እንዳይወጣ ነገሩት። ከዚያ ወደ ቂሣርያ ሄዶ በፊልጶስ ቤት ተቀመጠ፤ ያው በጋዛ መንገድ ያገኘነው ፊልጶስ ነው፣ ትንቢት የሚናገሩ አራት ሴቶች ልጆችም ነበሩት። ነቢዩ አጋቦስም ከይሁዳ ወረደ፣ የጳውሎስን መታጠቂያ ወስዶ የገዛ እጁንና እግሩን አሰረ፣ የዚህ መታጠቂያ ባለቤት በኢየሩሳሌም እንዲሁ እንደሚታሰር ተናገረ። አጋቦስ የተናገረው ይህን ብቻ ነው፤ «አትሂድ» የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። አትሂድ ያሉት፣ ታሪኩን የጻፈልን ሉቃስም አብሮአቸው ሆኖ፣ የሰሙት ሰዎች ናቸው፤ የሚወዱትን ሰው መታሰር ሲሰሙ ልባቸው ከዚህ ሌላ ትርጉም ሊያገኝለት አልቻለም። ጳውሎስ እያለቀሱ ልቡን መስበራቸውን ተናገረ፣ ሄደም፣ ታሰረም። ወዳጆቹም በመጨረሻ «የጌታ ፈቃድ ይሁን» ብለው ዝም አሉ። በዚያ ቤት ውስጥ መንፈስ ቅዱስ ተናግሮ ነበር፤ ሆኖም ከተነገረው ቃል ጋር የሰዎቹ ፍቅርና ፍርሃት ተደባልቆ ነበርና ሐዋርያው ሁለቱን መለየት ነበረበት። ለመለየት የቻለውም ገና ወደ ጢሮስ ሳይደርስ፣ እስራትና መከራ እንደሚጠብቀው መንፈስ በየከተማው እንደሚመሰክርለት ለኤፌሶን ሽማግሌዎች ሲነግራቸው ጉዞውን አስቀድሞ በጌታ ፊት ቆርጦ ስለ ነበር ነው። ይኸው አጋቦስ ቀደም ሲል በምዕራፍ 11 ታላቅ ራብ እንደሚመጣ በተናገረ ጊዜም ደቀ መዛሙርቱ ምን ያድርጉ የሚለውን አልወሰነላቸውም፤ እያንዳንዳቸው እንደ ችሎታቸው መጠን በይሁዳ ለሚኖሩ ወንድሞች እርዳታ ላኩ።

አሁን የተነገረዎትን ቃል በዚህ ብርሃን ይመልከቱት። ወንድማችን በጸሎት ጊዜ ስለ እርስዎ በልቡ ሸክም ተሰምቶት ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ በአዲስ አበባ ብቸኝነትና የኑሮ ውድነት እንደሚጠብቅዎት ቢሰማው አያስደንቅም። ነገር ግን ቃሉ ከሸክም አልፎ ትእዛዝ ሆነ፣ ከትእዛዝም አልፎ ዛቻ ተጨመረበት። ሐዋርያው ትንቢት ለማነጽ፣ ለመምከርና ለማጽናናት ነው ይላል፤ «ባዶ እጅሽን ትመለሻለሽ» የሚለው ከሦስቱ በየትኛው ሥር እንደሚገባ አላየሁም። ሌላም ነገር አለ፤ ይህ ወንድም እርስዎ ቢሄዱ አገልጋይ የሚጎድልበት የክፍሉ መሪ ነው። ሆን ብሎ አታልሎዎታል ማለቴ አይደለም፤ ልቡን አላውቅምና። ሆኖም የጢሮስ ደቀ መዛሙርት በፍቅር ምክንያት የሰሙትን አስፍተው ከተረጎሙት፣ አንድ የአገልግሎት መሪም በክፍሉ ጭንቀት ምክንያት እንዲሁ ሊያደርግ ይችላል። በነገር ውስጥ ጥቅም ያለው ሰው የሚናገረው ቃል ጥቅም ከሌለው ሰው ቃል ይልቅ በጥንቃቄ ሊመዘን ይገባዋል።

በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 13 ከይሁዳ የመጣው የእግዚአብሔር ሰው የወደቀው በዚህ ነው። እርሱ ራሱ በዚያ ስፍራ እንዳይበላ እንዳይጠጣ ታዝዞ ነበር፤ በቤቴል የሚኖረው ሽማግሌ ነቢይ ግን መልአክ ተናገረኝ ብሎ ዋሸው፣ እርሱም የታዘዘውን ትቶ አብሮት ተመለሰ። «ተናገረኝ» የሚለው ቃል ከሽማግሌ ነቢይ አፍ ቢወጣም እንኳ አስቀድሞ በግልጽ የታወቀውን ሊሽር አይገባውም ነበር።

ለወንድማችን የሚሰጡት መልስ አጭርና አክብሮት የተሞላ ቢሆን ይበቃል። ስለ ጸለየልዎት ያመስግኑት፤ የተናገረውን በጌታ ፊትና በሽማግሌዎች ፊት እንደሚመዝኑት ይንገሩት። ክርክር አያስፈልግም። ይህን ሲሰማ የሚቆጣ ከሆነ ግን፣ ቁጣው ስለ ቃሉ የሚነግርዎት ነገር ይኖራል፤ ላይኛይቱ ጥበብ ታራቂ፣ ገርና እሺ ባይ ናት ይላል ያዕቆብ። ጉዳዩንም በዚያው ክፍል ለማያገለግሉና እርስዎ ቢቀሩም ቢሄዱም ለማይጎድልባቸው ሁለት የበሰሉ አማኞች ቢያማክሩ መልካም ነው።

መጽሐፍ ቅዱስን ገልጠው ዓይንዎ ያረፈበትን ስለ መውሰድ ብዙ መናገር አያስፈልገኝም፤ አንድ ቀን ሂጂ፣ በማግሥቱ ተቀመጪ ያለዎት ራሱ መልሱን ሰጥቶዎታል። እግዚአብሔር በምሕረቱ በእንዲህ ያለ መንገድ የደገፋቸው ሰዎች የሉም አልልም፤ ነገር ግን ለመስማት የሚለማመዱበት መንገድ አይደለም። የሚገርመው ሁለተኛውን ክፍል ሳይቆርጡ ቢያነቡት ኖሮ ስለ ጠየቁት ነገር ብዙ ይነግርዎት ነበር፤ የኤርምያስ ምዕራፍ 42 የተጻፈው ልክ እንደ እርስዎ ልሂድ ወይስ ልቀመጥ ብለው ስለ ጠየቁ ሰዎች ነውና። ባቢሎናውያን በይሁዳ የሾሙት ገዢ ጎዶልያስ ከተገደለ በኋላ የቃሬያ ልጅ ዮሐናንና አብረውት የነበሩት ባቢሎናውያንን ፈርተው ወደ ግብፅ ሊሄዱ በቤተ ልሔም አጠገብ ሰፍረው ነበር። ወደ ነቢዩ መጥተው እግዚአብሔርን ጠይቅልን፣ መልካምም ቢሆን ክፉም ቢሆን እንታዘዛለን አሉት። ኤርምያስ ወዲያው አልመለሰላቸውም፤ ቃሉ የመጣለት ከ10 ቀን በኋላ ነው። ኤርምያስን የሚያህል ነቢይ 10 ቀን ከጠበቀ፣ ዛሬ በስልክ ተጠይቆ በደቂቃ ውስጥ «ጌታ እንዲህ ይላል» ስለሚል አገልጋይ ምን እንላለን? መልሱ በምድራችሁ ተቀመጡ የሚል ሆኖ ሲገኝ ግን ሐሰት ተናግረሃል አሉት፤ ወደ ግብፅም ሄዱ፣ እርሱንም ይዘውት ሄዱ። ሲጠይቁ ልባቸው አስቀድሞ መንገድ ጀምሮ ነበር። ቃሉ ለእርስዎ «ሀዋሳ ተቀመጪ» አይልዎትም፤ የተነገረው ለእነዚያ ሰዎች በዚያ ጊዜ ነው። ለእርስዎ የሚያቀርበው ጥያቄ ግን አለ፦ መልሱ ከምፈልገው የተለየ ቢሆን እቀበለዋለሁን? ይህን በሐቀኝነት «አዎን» ማለት የቻለ ሰው ግማሹን መንገድ ተጉዞአል።

እንግዲህ በቀሩት ቀናት አንዱን ወንጌል ወይም የሐዋርያትን ሥራ ከምዕራፍ 15 ጀምረው በተከታታይ ያንብቡ። ለጉዳይዎ መልስ ፍለጋ አያንብቡ፤ እግዚአብሔር ምን ዓይነት አምላክ እንደ ሆነ፣ ምን እንደሚወድ፣ ለማን እንደሚራራ እያስተዋሉ ያንብቡ። ስልክዎን በሌላ ክፍል ትተው ከንባቡ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ዝም ይበሉ። በጥሞናው ጊዜ ምንም ባይሰማዎት ጊዜው አልባከነም። አብራም እስማኤል ሲወለድ 86 ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ መጽሐፉ እግዚአብሔር ተገለጠለት የሚለን 99 ዓመት ሲሆነው ነው። በመካከል ስላሉት 13 ዓመታት የተጻፈ ቃል የለም፣ አብራም ግን በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የእግዚአብሔር ወዳጅ ነበር።

የራሴን ፍላጎት ከእርሱ ድምፅ እንዴት ልለየው ብለዋል። በመጀመሪያ፣ ፍላጎት ሁሉ የእግዚአብሔር ተቃራኒ ነው የሚለውን ሐሳብ ከየት እንዳገኙት ራስዎን ይጠይቁ። የፋርስ ንጉሥ ጠጅ አሳላፊ የነበረው ነህምያ ቅጥሩን ሊሠራ ወደ ኢየሩሳሌም የሄደው ራእይ አይቶ ወይም ድምፅ ሰምቶ እንደ ሆነ አልተጻፈም፤ አምላኬ በልቤ ያኖረው ነገር ይለዋል። ያ ነገር ከውስጡ የመነጨ ፍላጎት መስሎ ነው የመጣለት። ነገር ግን ከካሴሉ ወር እስከ ኒሳን፣ አራት ወር ያህል፣ እየጸለየ ጠበቀ፣ ንጉሡ ሲጠይቀውም የሚፈጅበትን ጊዜ፣ የይለፍ ደብዳቤውንና እንጨቱን ሳይቀር አስቦበት ነበር። ኤርምያስም የአጎቱ ልጅ መሬት ሊሸጥለት እንደሚመጣ ቃል ከመጣለት በኋላ፣ ሰውዬው በእውነት ሲመጣ ያን ጊዜ የእግዚአብሔር ቃል እንደ ሆነ አወቅሁ ይላል፤ 17 ሰቅል ብርም መዝኖ ገዛ። ነቢይ እንኳ አንዳንዴ በእርግጠኝነት ያወቀው ነገሩ ሲፈጸም ነው።

በውስጣችን ከምንሰማቸው ነገሮች ግን በጥርጣሬ ልናያቸው የሚገባ አንድ አለ፤ እርሱም የሚከስሰው ድምፅ ነው። መንፈስ ቅዱስ ስለ ኃጢአት ሲወቅስ የሚወቅሰው በተለየ ነገር ላይ ነው፤ ናታን ዳዊትን ስለ ኦርዮና ስለ ሚስቱ ተናገረው፣ የንስሐም መንገድ ክፍት ነበር። «አንቺ መንፈሳዊ አይደለሽም፣ እግዚአብሔር ከሌሎቹ ጋር ይነጋገራል ከአንቺ ጋር ግን ዝም ብሏል» የሚለው ሐሳብ የሠሩትን ጥፋት አይነግርዎትም፣ መመለሻም አያሳይዎትም፤ ያደክምዎታል ብቻ። ይህን ሐሳብ የእረኛው ድምፅ አድርገው አይቀበሉት።

ሄጄ ቢበላሽስ ላሉት፣ መከራ መምጣቱ ያለመታዘዝ ምልክት አይደለም። ጳውሎስ ሄዶ በቂሣርያ ብቻ ሁለት ዓመት ታስሮአል፤ ጌታም በሌሊት በአጠገቡ ቆሞ አይዞህ አለው እንጂ ለምን መጣህ አላለውም። በአገራችንም የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ ዘመን ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ሳለ መንጋውን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ፤ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። በዚያው ዘመን ከአገር ወጥተው በስደት ወንጌልን ያገለገሉም ነበሩ። የቀሩትን በመጨረሻቸው፣ የሄዱትንም በመትረፋቸው መዝነን ማን እንደ ሰማ ማን እንዳልሰማ ልንፈርድ አንችልም። እርስዎም ሄደው በስድስት ወር ቢመለሱ፣ ተመለሱ ማለት ነው እንጂ ያ ወንድም የዛተው ተፈጸመ ማለት አይደለም።

በመጨረሻ ደብዳቤዎን ሳነብ ያስደነቀኝን ነገር ልናገር። የኅብረቱን ምስክርነት ነግረውኛል፣ የወንድማችንን ቃል ነግረውኛል፣ ገልጠው ያገኙትንም ሁለት ክፍል ነግረውኛል፤ እናትዎ ስለ ሥራው ምን እንደሚያስቡ ግን አንድ ቃል አልጻፉም። ምናልባት የአንድ ቤት አማኞች ባለመሆናችሁ ምክራቸውን ከእግዚአብሔር ምሪት ጋር ለማያያዝ አልደፈሩ ይሆናል። ሙሴ ከእግዚአብሔር ጋር ፊት ለፊት የሚነጋገር ሰው ነበር፤ ሕዝቡን እንዴት እንደሚዳኝ ግን የተማረው ከአማቱ ከዮቶር ነው፣ ዮቶርም የምድያም ካህን ነበር። ሙሴ ይህን ከሰማይ ልስማው አላለም፤ አማቱ ያለውን ሁሉ አደረገ ይላል መጽሐፉ።

እናትዎን በሚመለከት ደግሞ እግዚአብሔር ዝም አላለም። አባትህንና እናትህን አክብር ብሎአል፤ ጌታችንም ለወላጆች የሚገባውን «ቁርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው፣ በሚል ሰበብ ያስቀሩትን ሰዎች በማርቆስ ምዕራፍ 7 በብርቱ ወቅሶአቸዋል፤ ሐዋርያውም ስለ ቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሃይማኖትን የካደ ነው ብሎ ጽፎአል። እርስዎ ለመስማት የሚጓጉለት ድምፅ በዚህ ውስጥ አስቀድሞ የተነገረ ይመስለኛል። የቀረው ጥያቄ ይህን ቃል በተሻለ ሁኔታ የሚፈጽሙት ሄደው ነው ወይስ ተቀምጠው የሚል ነው፤ እርሱን ደግሞ በሙያዎ ሊመልሱት ይችላሉ። ግንብ ሊሠራ የሚወድ አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን ይቈጥራል የሚለው የጌታ ቃል ከእርስዎ በላይ ለማን ይስማማል? ከአዲሱ ደመወዝ ላይ የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ፣ የመጓጓዣውን፣ እናትዎን የምትረዳ ሰው የምትቀጠር ከሆነም የእርስዋን ክፍያ ይቀንሱና ለመድኃኒት የሚተርፈውን ይመልከቱ። ስኳራቸው በሌሊት ቢወርድ ማን ይደርስላቸዋል? አብረዋቸው ሊሆኑ የሚችሉ ዘመዶች አሉን? ወይስ ከእርስዎ ጋር አዲስ አበባ መምጣት ይፈልጋሉ? ድርጅቱስ ሥራውን የሚጀምሩበትን ቀን ሊያራዝምልዎት ይችላልን?

ስሌቱ ለእናትዎ የሚሻለው መሄድዎ እንደ ሆነ ካሳየዎት፣ እርሳቸውም ከተስማሙ፣ ያማከሯቸውም የበሰሉ ሰዎች የሚያስፈራ ነገር ካላዩበት፣ ሌላ ምልክት ሳይጠብቁ በነጻነት ይሂዱ። መቅረትዎ የሚሻል ሆኖ ከተገኘም በነጻነት ይቅሩ፤ ያን ጊዜ የቀሩት ዛቻውን ፈርተው አይሆንም። ባል የሞተባት ሴት በጌታ ይሁን እንጂ የወደደችውን ልታገባ ነጻ ናት ያለ ሐዋርያ፣ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ የሥራ ቦታዋን እንድትመርጥ የሚከለክል አይመስለኝም።

ለድርጅቱ ከመጻፍዎ በፊት ግን፣ በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ከእናትዎ ጋር ተቀምጠው ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ይንገሯቸውና የሚሉትን ሳያቋርጡ ያድምጧቸው።